ዕጣን በሳይተስ አባሪ ሁለት ቢሰፍር ለቆላው ደን ይበጃል ወይስ ይጎዳል?

የማኅበር ጸሐፊ (መተማ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በመተማ ቆላ ዕጣንና ሙጫ አምርቶ በሚሸጥ የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ በጸሐፊነት አገለግላለሁ። ምርታችንን የሚረከበን ላኪ ሰሞኑን እንደነገረን፣ አውሮፓ ያሉት ገዢዎች ዕጣኑ ከየትኛው ደን እንደተለቀመ የሚያሳይ ሰነድ መጠየቅ ጀምረዋል። ከዚህም ጋር፣ ለመጥፋት በተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ላይ የሚካሄደውን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት፣ ማለትም ሳይተስ፣ የዕጣን ዛፎችን በአባሪ ሁለት ሊያሰፍራቸው ይችላል የሚል ወሬ እንዳለ ገለጸልን። ነገሩን ለአባላት ባሳወቅንበት ስብሰባ ግማሹ «ዕጣን መሸጥ ሊከለከል ነው» አለ፤ ቀሪው ደግሞ «ደናችንን ፈረንጅ ሊረከበው ነው» ብሎ ተቆጣ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በምንለቅምበት ደን ውስጥ ያለው ዛፍ ሁሉ የጎለመሰ ነው ማለት ይቻላል። ክረምት ላይ ከሥር የሚፈላው ችግኝ ብዙ ነው፤ ጥር ሳይደርስ ግን ወይ ከብት ይግጠዋል፣ ወይ ሣሩ ሲነድ አብሮ ይነዳል፤ ውፍረቱ ክንድ የሚያህል ወጣት ዛፍ ለማየት ብዙ መንገድ መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት እነዚህን ችግኞች ለማዳን የሚጠቅመው ነገር ይኖር እንደሆነ፣ በእኛ ላይ የሚያመጣው ጫናም ምን ያህል እንደሚሆን የምታውቁ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ዋልያ መቀር፦

ውድ ጸሐፊ፣ አባላትዎን ካስደነገጠው ነገር ልጀምር። በአባሪ ሁለት መስፈር ክልከላ አይደለም። ዝርያው እንደ ወትሮው ወደ ውጭ ይላካል፤ ላኪው አገር ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ግን ምርቱ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ መሆኑንና ንግዱ የዝርያውን ህልውና እንደማይጎዳ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ይህን የሚያረጋግጡት አገሪቱ ራስዋ የሰየመቻቸው የአስተዳደርና ሳይንሳዊ ባለሥልጣናት እንጂ ጄኔቫ የሚገኘው የስምምነቱ ጽሕፈት ቤት ስላልሆነ፣ ደኑን ፈረንጅ ይረከበዋል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ በቆላችን የሚበቅሉት የዱር እሬት ዝርያዎች ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በዚሁ አሠራር ሥር ናቸው።

ስለ ዕጣን በስምምነቱ ጉባኤ የተመከረው እ.ኤ.አ. በ2019 ጄኔቫ ላይ ነው። ስሪላንካና አሜሪካ ባቀረቡት ሰነድ መነሻነት፣ የዕጣን ዛፍ ያላቸው አገሮች ስለ ደኖቻቸው ይዞታና ስለ ንግዱ መረጃ እንዲያቀርቡ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2022 በፓናማ በተካሄደው ጉባኤም ጉዳዩ ክትትል እንዲደረግበት ተባለ እንጂ ዛፉ በአባሪ አልሰፈረም።

ስለ ችግኞቹ የጻፉት ደግሞ በእርስዎ ደን ብቻ የሚታይ አይደለም። የሆላንዱ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፍራንስ ቦንገርስ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ከበርካታ ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ዋልያ መቀር የተባለው የእኛው የዕጣን ዛፍ (ስሜን የተዋስኩት ከእሱ ነው) የሚበቅልባቸው 23 ደኖች ተመርምረው 21,786 ዛፎች ተቆጥረዋል፤ የ202 ዛፎች ግንድም በዕድሜ ቀለበቱ ተለክቷል። ከደኖቹ ውስጥ ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት ትንንሽ ዛፍ የላቸውም፤ ተተኪ ዛፍ ማደግ ካቆመም አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሁኔታው ባለበት ከቀጠለ በሃያ ዓመት ውስጥ የዕጣኑ ምርት በግማሽ እንደሚቀንስ ጥናቱ ተንብዮአል። ምክንያት ብሎ ያስቀመጣቸውም እርስዎ በዓይንዎ ያዩአቸውን ልቅ ግጦሽንና ተደጋጋሚ ሰደድ እሳትን፣ እንዲሁም ጥንቃቄ የጎደለውን ማድማት ነው።

ስለ መጨረሻው ጥቂት ልጨምር፤ የለቃሚው እጅ ያለበት እዚህ ላይ ነውና። ለማያውቁ አንባቢዎች ለማስረዳት ያህል፣ ለቃሚው በበጋው መጀመሪያ መንጋፍ በተባለው መሣሪያ ከግንዱ ላይ ስስ ቅርፊት ይልጣል፤ ነጩ ፈሳሽ ወጥቶ ሲደርቅ ይለቅመውና ያንኑ ቁስል ትንሽ አስፍቶ እንደገና ያደማዋል። እንዲህ እያለ እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ ደጋግሞ ይመላለስበታል። በመተማና በአበርገሌ በተደረገ ጥናት፣ አንድን ዛፍ ከዘጠኝ ቦታ በላይ ማቁሰል ተጨማሪ ምርት እንደማያስገኝ ታይቷል። ኤርትራ ውስጥ የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ ያልደሙ ዛፎች ካፈሩት ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ እጅግ ከደሙት ዛፎች የተገኘው ግን 16 በመቶ እንኳ እንዳልበቀለ መዝግቧል። ስለዚህ አሥረኛውና አሥራ አንደኛው ቁስል ለለቃሚው የሚያስገኝለት ነገር የለም፤ ዛፉ ለዘር ሊያውለው የሚችለውን ጉልበት ግን ይወስድበታል።

ነጋዴው (ፍራንክፈርት)፦

እኔ ዕጣንና ከርቤ አስመጥቼ ለዘይት አምራቾች የማቀርብ ሰው ነኝ። ገዢዎች ሰነድ የሚጠይቁት ለምን እንደሆነ ከዚህ በኩል ላስረዳ።

የዋልያ መቀር ዕጣን ዘይት አብዛኛው ኦክቲል አሲቴት የተባለ ውህድ ስለሆነ፣ ቤተ ሙከራ ከኦማንና ከሶማሊያ ዕጣን በቀላሉ ይለየዋል። የመተማን ዕጣን ሱዳን ውስጥ ከብሉ ናይል ከተለቀመው መለየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዝርያው አንድ ነውና። መጋዘን ውስጥ ሴቶች ተቀምጠው ዕጣኑን በመጠንና በቀለም ሲለዩ፣ ነጩና ትልልቁ አንደኛ ደረጃ ሆኖ ለብቻው ይቀመጣል፤ በዚያው ቅጽበት የሦስትና የአራት ደን ምርት አንድ ላይ ይደባለቃል። ከዚያ በኋላ ኬሻው ላይ የሚለጠፍ ማንኛውም ወረቀት ስለ ደኑ የሚናገረው ነገር የለውም። ገዢው ሰነድ የሚፈልገው ከመጋዘኑ በፊት ያለውን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከአሁኑ ቢታሰብበት መልካም ነው። ዕፅዋት በአባሪ ሁለት ሲሰፍሩ፣ ቁጥጥሩ የትኞቹን የምርት ዓይነቶች እንደሚመለከት የሚወስን ማብራሪያ አብሮ ይጻፋል። ማብራሪያው ጥሬውን ዕጣን ብቻ የሚመለከት ከሆነ፣ ዘይቱን አገር ውስጥ አንጥሮ የሚልክ ሰው ከፈቃድ ውጣ ውረድ ይድናል፤ ዘይቱንም የሚጨምር ከሆነ ግን የቁጥጥሩ ሸክም በሁሉም ላይ እኩል ይወድቃል። ጉባኤ ላይ የሚቀመጡት የእኛ ሰዎች ይህን መስመር በደንብ ካልተከራከሩበት፣ የሚጻፈው ለገዢው አገር ፋብሪካ በሚመች መንገድ ነው።

ጡረተኛው የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ፦

የሁለታችሁንም በጥሞና አነበብኩ። ዋልያ መቀር የጠቀስካቸውን ጥናቶች አልቃወምም፤ ከእነሱ ተነሥቶ ወደ ሳይተስ የሚደረገው ዝላይ ግን አይዋጥልኝም። ሳይተስ የሚቆጣጠረው ጉምሩክ ላይ የደረሰውን ዕቃ ነው። ችግኙን የሚግጠው በሬና ሣሩን የሚያነደው እሳት ጉምሩክ አያልፉም።

የጥቁር እንጨትን ታሪክ ተመልከቱ። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት የሚፈለገው ይህ ዛፍ በአባሪ ሁለት የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሆኖም ዋነኛዋ ላኪ ካሜሩን ከአሥር ዓመት በላይ ፈቃድ እየሰጠች ስትልክ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ኅብረት ከካሜሩን የሚገባውን አገደው። ንግዱ የተከፈተው አገሪቱ ዛፏን ቆጥራ የአያያዝ ዕቅድ ካወጣች በኋላ ነው። በእገዳው ዓመታት የከሰረው ቅርፊት ልጦ የሚያድረው ገበሬ ነበር፤ ቀድሞ መቆጠር የነበረበትን ዛፍ ሳይቆጥር ፈቃድ ሲፈርም የኖረው ባለሥልጣን ግን ምንም አልሆነም።

በመተማና በቋራ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እኔ በሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመን፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በተካሄደው የሰፈራ ፕሮግራም፣ የዕጣን ደን ለሰሊጥና ለማሽላ ማሳ ሲመነጠር አይቻለሁ። መሬቱን ለሚፈልግ ሰው ደኑ ባዶ ቦታ ነው፤ ባዶ አለመሆኑን የሚያስረዳለት ከዕጣኑ የሚገኘው ገንዘብ ብቻ ነው። ፈቃዱ በቢሮክራሲ ተተብትቦ ላኪው ከለቃሚው የሚገዛበትን ዋጋ ቢያወርድ፣ ለዛፉ የሚከራከርለት ሰው አይገኝም፤ በዓመቱ ሰሊጥ ይዘራበታል። ዛፉን ለመጠበቅ ብሎ ዋጋ ማሳጣት ማለት ይኼ ነው።

ዓለም አቀፍ ትብብር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ድንበር ለድንበር የተያያዘ ነው፤ ከብት ከዚያ ወዲህ ይሻገራል፣ እሳቱም በሁለቱም በኩል ይነዳል። የቃፍታ ሽራሮ ዝሆኖችም ተከዜን ተሻግረው ኤርትራ ገብተው ይመለሳሉ። እኔ የምመኘው ትብብር የሦስቱ አገሮች የወረዳ ሰዎች በጋው ሳይገባ ተገናኝተው የእሳት መከላከያ መስመር የሚጠርጉበትንና የከብት መተላለፊያ የሚስማሙበትን ነው። በእርግጥ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በሰሜን ኢትዮጵያ፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በሱዳን የሆነው ታውቆ፣ ይህን ዛሬ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል።

ዋልያ መቀር፦

ጋሼ፣ በጉምሩክና በከብት መካከል ያለውን ርቀት በትክክል አስቀምጠውታል። የካሜሩን ታሪክ ግን ለእኔ የሚነግረኝ ሌላ ነገር ነው። ዛፉ የተቆጠረውና የአያያዝ ዕቅድ የተዘጋጀው ንግዱ ስለታገደ ነው። እኛ አገርም የዕጣን ደን ለላኪ ድርጅትና ለማኅበር በኮንትራት ይሰጣል፤ ውሉ አጭር በመሆኑ ተረካቢው በእጁ ባለው ጊዜ የቻለውን ያህል ያደማል፣ ደኑን የማሳረፍ ምክንያትም የለውም። የወጪ ንግድ ፈቃዱ «ይህ ደን የሚያርፍበት ዓመት መቼ ነው፣ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሆኖ የተከለለውስ ስንት ሄክታር ነው» የሚል ጥያቄ ካስከተለ፣ የረጅም ዘመን ውል እንዲሰጥ የሚገፋ አንድ ኃይል ይገኛል። ይህን ጥያቄ ካላስከተለ ግን እርስዎ ያሉት ይሆናል፤ ማኅተም ብቻ ነው የሚጨመረው።

እስካሁን ያልተነሣ መካከለኛ መንገድም አለ። በአባሪ ሁለት ለማስፈር በጉባኤው የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ አባሪ ሦስት ግን አንድ አገር በራስዋ ውሳኔ ዝርያዋን የምታስመዘግብበት ነው። ኢትዮጵያ ዋልያ መቀርን በአባሪ ሦስት ብታስመዘግብ፣ ከእኛ የሚወጣው ዕጣን በሕግ የተገኘ መሆኑን የሚያሳይ ፈቃድ ይዞ ይወጣል፤ ከሱዳንና ከኤርትራ የሚወጣው ደግሞ የትውልድ አገር ምስክር ወረቀት ይይዛል። ሦስቱም የስምምነቱ አባል ናቸው። በዚህ መንገድ ቢያንስ የቱ ዕጣን ከየት አገር በምን ያህል መጠን እንደሚወጣ በተመሳሳይ መዝገብ ይታወቃል። የነጋዴውን የመጋዘን ችግር ሙሉ በሙሉ አይፈታም፤ ሦስቱ አገሮች ወደፊት አንድ ላይ ለመምከር የሚነሡበት ቁጥር ግን ይኖራቸዋል።

የማኅበር ጸሐፊ (መተማ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጋሼን ስጋት አባላቱም ይጋሩታል፤ የሰሊጡ ማሳ ከደናችን ጠርዝ ብዙ የማይርቅ በመሆኑ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ነገር ግን የትኛውም አባሪ ቢመጣ ባዶ እጃችንን ልንጠብቀው አንፈልግም። በዚህ በጋ፣ ባለን ጥቂት ገንዘብና በራሳችን ጉልበት፣ ኋላ ለፈቃድም ለገዢም የሚያገለግል ምን ብንሠራ ይሻላል? ሙሉ ቆጠራ ለማድረግ አቅም የለንም።

ዋልያ መቀር፦

ሙሉ ቆጠራ አያስፈልግም። ደኑን እርስ በርሳቸው በሚራራቁ ቦታዎች ላይ በካሬ ናሙና ከፋፍላችሁ፣ ማዕዘኖቹን በድንጋይ ክምር ምልክት አድርጉባቸው፤ በየካሬው ውስጥ ያለውን ዛፍ ሁሉ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ በልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያውን ለኩና ጻፉ። የግንዱን ውፍረት ለማግኘት ዙሪያውን ለ3.14 ማካፈል ይበቃል፤ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነውን ዛፍ ማንም እንዳያደማው ከወዲሁ ወስኑ። ከእያንዳንዱ ዛፍ ጎንም ስንት ቁስል እንዳለበት መዝግቡ፤ ለቃሚዎቹ ራሳቸው ቢቆጥሩት ይመረጣል።

ከካሬዎቹ አንዱን በእሾህ አጥራችሁ ከብት እንዳይገባበት፣ ዙሪያውን ደግሞ ሣሩን አጭዳችሁ እሳት እንዳይደርስበት አድርጉ። በክረምቱ መጨረሻ በውስጥም በውጭም ያለውን ችግኝ ቁጠሩ፤ በሰኔ ከዝናቡ በፊት እንደገና ቁጠሩ። ኬሻውን በተመለከተ፣ የእያንዳንዱ ለቃሚ ምርት የተለቀመበት ሥፍራ ስምና ቀን ተጽፎበት እስከ መጋዘኑ በር ድረስ ሳይደባለቅ ይሂድ፤ መጋዘኑ ውስጥ ስለሚሆነው ነጋዴው ቢያስረዳን ደስ ይለኛል።

ነጋዴው (ፍራንክፈርት)፦

ደረጃ ከመለየቱ በፊት የየሥፍራው ዕጣን ለብቻው ተመዝኖ ይመዝገብ፤ ተለይቶ ካበቃ በኋላም የአንደኛ ደረጃው ድምር ከየት ከየት እንደመጣ በኪሎ ይጻፍ። የሚለዩት ሴቶች በአንድ ጊዜ የአንድን ሥፍራ ምርት ብቻ ይዘው እንዲጨርሱ ማድረግ ጥቂት ቀን ያስረዝመዋል፤ ለዚያ ተጨማሪ ጊዜ ክፍያቸው በኪሎ ሳይሆን በቀን ቢሆን ነው የሚሻለው። እንዲህ ያለውን መዝገብ ይዞ ለሚመጣ ማኅበር የእኔ ገዢዎች በዋጋው ላይ ለመነጋገር ፈቃደኞች ናቸው፤ ናሙናውን ከመዝገቡ ግልባጭ ጋር በላኪያችሁ በኩል ላኩልኝ።