ጥር ላይ ወደ ዋታሙ ልንሄድ ነው፤ ከመዋኘት ሌላ ምን እንይ?

ሊያ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ወደ ኬንያ ጠረፍ፣ ዋታሙ እንሄዳለን። ትልቋ ልጄ የእንስሳና የዛፍ ነገር ነፍሷ ነው። የአካባቢውን ወፍ፣ እንስሳና ዕፅዋት እንድታይ የት ብንወስዳት ይሻላል?

ገረመው
እህቴ፣ እኔ ማሊንዲ ኖሬያለሁ፤ ዋታሙ ቅርባችን ነበር። አሸዋው ይቆይና መጀመሪያ ሚዳ ክሪክ ውሰጃት። ባሕሩ ወደ የብስ የገባበት ቦታ ነው፣ ዙሪያውን የማንግሮቭ (ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ደን ከቦታል። ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት ያረፋችሁበት ቤት ጠይቁ። በቀን ሁለቴ ይሸሻል፤ ሰዓቱ ግን በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ የትናንቱ ለዛሬ አይሠራም።

ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል። ልጅሽ ቁጢጥ ብላ ዝም ካለች ትንንሽ ሸርጣኖች ከየጉድጓዳቸው ብቅ ብቅ ይላሉ። ወንዱ አንዱ መቆንጠጫው ከሌላው እጅግ ይተልቃል፤ ሴቷን የሚጠራው እሱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ነው። ጥላ ካረፈባቸው ግን ባንዴ ጥፍት! ጭቃው ላይ በክንፎቹ እየተገፋ የሚሄድ ዓሣም አለ።

ዛፎቹን ዝም ብላችሁ አትለፏቸው። አንደኛው ዓይነት ሥሩ ከግንዱ ወጥቶ እንደ ዣንጥላ ሽቦ ተዘርግቶ ጭቃው ላይ ይቆማል፤ ዘሩ እናቱ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ይበቅላል። ሌላው እርሳስ የሚያካክሉ ሥሮች ከጭቃው ወደ ላይ ያወጣል፤ ጭቃው አየር ስለሌለው የሚተነፍሰው በነሱ ነው። የዚህኛውን ቅጠል ቅመሱት፣ ጨው ጨው ይላል። ከባሕሩ የጠጣውን ጨው በቅጠሉ ነው የሚያስወጣው።

ወሩም ጥሩ ነው። ከሰሜን የሚመጣ፣ ነጭና ጥቁር፣ ምንቃረ ወፍራም ሸርጣን በል ወፍ በመንጋ ታያላችሁ። እንቁላሉን የሚጥለው በቀይ ባሕርና በዐረብ ጠረፎች አሸዋ ውስጥ በቆፈረው ጉድጓድ ነው።

ሊያ
ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ! ደኑ ውስጥ ዝሆን አለ የሚባለውስ?

ገረመው
የምትዪው አራቡኮ ሶኮኬ የሚባለውን ደን ነው። መንገዱን ተሻግሮ ነው፣ 420 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ዝሆን አለ፣ ግን እሱን አያለሁ ብላችሁ አትሂዱ። እኔ የምወደው ሴንጊን ነው፦ አፍንጫው ረጅም፣ ኋላው ወርቃማ፣ ግማሽ ኪሎ ያህል የሚመዝን ፍጡር። ሲደነግጥ ደረቁን ቅጠል በጅራቱ እየመታ ይፈተለካል። ከዚያ አካባቢ ውጪ የትም ማለት ይቻላል አይገኝም። ማልዳችሁ፣ ከደኑ አስጎብኚ ጋር ግቡ፤ ትንሿን የሶኮኬ ጉጉት ቀን ቀን የምታድርበትን ቅርንጫፍ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ቤቲ
እኔ ልጨምር። ኮራሉ (ትንንሽ የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋይ) ላይ ስትሄዱ ጫማ አድርጉ፤ ድንጋይ የሚመስል መርዛም ዓሣ አለ። ልጆቹ ዛጎል እንዳይለቅሙ፤ አንዳንዱ ውስጥ የሚናደፍ ቀንድ አውጣ አለ፣ ባዶውም ቢሆን ለሸርጣን ቤቱ ነው። ፌስታልም ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ ኬንያ ከ2017 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ከልክላለች።

ገረመው
ቤቲ ልክ ነሽ። ሊያ፣ ማታ አሸዋው ላይ ባትሪ አታብሩ። የባሕር ኤሊ እንቁላል ልትጥል ስትወጣ ብርሃን ካየች ትመለሳለች፤ የተፈለፈሉትም ወደ ባሕሩ መሄዱን ትተው ወደ መብራቱ ይሄዳሉ። ጎጆ ካያችሁ ሳትነኩ ለባሕር ፓርኩ ሰዎች ንገሩ።