ኢፔልና አርፒኤም ፊውዥን አልስማማ አሉኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ሐዋሳ ውስጥ የአንድ ማሠልጠኛ ሰርቨር የምከታተለው እኔ ነኝ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሮኪ ሊኑክስ 9 ነው። መምህራን የሚቀርጹትን ቪዲዮ በስልክ እንዲታይ ማሳነስ አለብኝ፤ ትልቅ ፋይል የተማሪዎቹን ካርድ ይበላል።

መጀመሪያ ኢፔልን (ተጨማሪ ፕሮግራሞች የሚወርዱበትን የፓኬጅ ማከማቻ) ጨመርኩ። እዚያ ያለው ኤፍኤፍኤምፔግ ፍሪ (የቪዲዮ መቀየሪያው ኤፍኤፍኤምፔግ) በፓተንት ምክንያት የተቀነሰ ነው፤ ኤክስ264 (ቪዲዮውን የሚያሳንስልኝ ኢንኮደር) የለውም። ስለዚህ ሲአርቢን (የሮኪን ራሱን ተጨማሪ ማከማቻ) ከፍቼ አርፒኤም ፊውዥን የሚባለውን ሌላ ማከማቻ አስገባሁ። ሙሉውን ኤፍኤፍኤምፔግ ልጭን ስል ዲኤንኤፍ (ፓኬጅ የሚጭነው መሣሪያ) አሻፈረኝ አለ፦ የፊውዥኑ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ከኢፔሉ «ሊብ ኤቪ ኮዴክ ፍሪ» ጋር ይጋጫል ይላል።

ኢፔልን ነቅዬ እንዳልጥል ደግሞ ፊውዥን ራሱ ኢፔልን ይፈልጋል።

«አላው ኢሬዚንግ» (የሚጋጨውን ፓኬጅ አጥፍቶ እንዲጭን የሚፈቅደው አማራጭ) ብዬ ልቀይረው? በኢፔሉ ላይብረሪ የሚሠሩ ሌሎች ፕሮግራሞችስ ምን ይሆናሉ? ወይስ የፍሪ ፓኬጆቹን ከኢፔል ማዋቀሪያ ፋይል ላይ በኤክስክሉድ (ዲኤንኤፍ እንዳያያቸው በማድረግ) ላስቀራቸው ይሻላል? ፕራዮሪቲ (የማከማቻዎቹን ቅድሚያ) መቀየር (ነባሩ 99 ነው፣ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል) ብቻውን የሚፈታው አይመስለኝም፤ የፓኬጆቹ ስም ይለያያል።

ሰርቨሩ ላይ የተማሪዎች ውጤትም ስላለ በሙከራ ላበላሸው አልደፍርም። ይህ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ከዚያ በኋላ አፕዴት ስታደርጉ ምን እንደሆነም ጨምራችሁ ንገሩኝ።