መርፌ ወግቷታል፣ ጡት ታጠባለች፤ የኤችአይቪ መከላከያውን ለመጀመር ረፍዷል?

ጥያቄ፦ የከዚራው
ሰላም ለሁላችሁም። እህቴ እዚሁ ድሬዳዋ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ትሠራለች። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የቆሻሻ ከረጢት ስትቋጥር ውስጡ የነበረ መርፌ ጓንቱን በስቶ መዳፏን ወጋት፣ ደምቷል። የማን መርፌ እንደሆነ አይታወቅም። አለቃዋ «ሦስት ወር ጠብቀሽ ተመርመሪ» ብሏታል። ዛሬ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። የ5 ወር ልጅ ታጠባለች፣ ደም ማነስ ስላለባት አይረን ትወስዳለች። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱን ከፋርማሲ መግዛት ይቻላል?

መልስ፦ ነርስ ከሳቢያን
አልረፈደም፣ ግን አሁኑኑ ትሂድ። ወሰኑ 72 ሰዓት ነው፤ የሷ ነገ ማክሰኞ 9 ሰዓት ላይ ያልቃል። እስከ ነገ ጊዜ አለኝ ብላ እንዳትቀመጥ። መድኃኒቱ የሚሠራው ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ሥር ሳይሰድ ከደረሰበት ነው፣ በዘገየ ቁጥር ይደክማል። አለቃዋ ምርመራውንና መከላከያውን ደባልቆታል፤ ሦስት ወር የሚጠበቀው ለመጨረሻው ምርመራ እንጂ ለመድኃኒቱ አይደለም።

ፋርማሲ ለፋርማሲ አትዙሩ። መድኃኒቱ በነፃ የሚሰጠው ኤአርቲ ክሊኒክ (የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል) ባላቸው የመንግሥት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ነው። ድል ጮራ ሂዱ፤ ሐረር ያላችሁ ደግሞ ሕይወት ፋና። ካርድ ክፍል ላይ «መርፌ ወግቶኝ ነው፣ ፔፕ ልጀምር» ትበል (ፔፕ ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደው መከላከያ ነው)፣ የተወጋችበትንም ሰዓት ትናገር። ማታ ወይም እሁድ ቢሆን ኖሮ በድንገተኛ ክፍል በኩል ነበር የምትገባው።

መልስ፦ አቦ ድሬ
ደሙን ጨምቃ አውጥታ በረኪና ብታደርግበት ጥሩ ነበር።

መልስ፦ ነርስ ከሳቢያን
አይደረግም አቦ! መጭመቅ ሥጋውን ይጎዳዋል፣ በረኪና ደግሞ ቆዳውን አቃጥሎ ቁስሉን ያሰፋል። በሚወርድ ውሃና በሳሙና መታጠብ ብቻ ነው። አሁን ሁለት ቀን ሊሞላው ስለሆነ ቁስሉ ላይ የሚደረግ ነገር የለም።

መልስ፦ የጀጎል ፋርማሲስት
የሚሰጣት በአብዛኛው ሦስቱ በአንድ ፍሬ የተዋሐዱበት ነው፦ ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300፣ ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊግራም። በቀን አንድ፣ ለ28 ቀን። ብልቃጡ 30 ፍሬ ከያዘ የሚተርፉትን ሁለቱን አትጣላቸው፤ በዋጠች በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ሌላ ፍሬ ትውሰድ።

አይረኑ ላይ ልብ በሉ። አይረን፣ ካልሲየም፣ ዚንክና የጨጓራ ሽሮፕ ዶሉቴግራቪርን ሆድ ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ስለዚህ የኤችአይቪውን ጠዋት 1 ሰዓት፣ አይረኑን ከእራት በኋላ። ደንቡ መድኃኒቱ ከአይረኑ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ ነው። ጠዋት የመረጥኩት እንቅልፍ ስለሚነሳ ነው፤ ማታ ማታ ጫት የሚቅም ሰው ላይማ ይብሳል፣ ሰዓቱንም ያስረሳል። ጾም ቢሆን በሱሁር ወይም በኢፍጣር ይወሰዳል።

ከረሳች ባስታወሰች ጊዜ ትውሰድ፤ ለሚቀጥለው ከ4 ሰዓት በታች ከቀረው ግን ትዝለለው፣ ሁለት በአንዴ አይዋጥም። ብልቃጡን ከ30 ዲግሪ በታች ታስቀምጠው። የድሬ ሙቀት ይታወቃል፤ መስኮት ሥር ወይም ባጃጅ ውስጥ አይሁን። ውስጡ ያለችውን ትንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አታውጣት። የኩላሊት ችግር ካለባት ወይም የቲቢ፣ የሚጥል በሽታ፣ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ከመጀመሯ በፊት ትናገር። ሪፋምፒሲን የሚባለውን የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለቴ ያስፈልገዋል።

መልስ፦ የከዚራው
አመሰግናለሁ፣ ወደ ድል ጮራ እየሄደች ነው። ማጥባቱስ?

መልስ፦ ነርስ ከሳቢያን
ማጥባት ለመጀመር አይከለክላትም፤ ወደ ወተት የሚያልፈው መድኃኒት ጥቂት ነው። ግን ለሐኪሙ ሳትነግር እንዳትወጣ። እንዲያው ቢይዛት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቫይረሱ መጠን በደም በጣም ከፍ ስለሚል በወተት ወደ ልጁ ሊያልፍ ይችላል። እስከ መጨረሻው ምርመራ እንዴት እንደምታጠባ አብረው ይወስኑ። እስከዚያው ከባለቤቷ ጋር ኮንዶም፣ ደም መለገስም የለም።

መልስ፦ ላቦራቶሪ
ዛሬ ነጌቲቭ ከወጣች ከዚህ በፊት አልነበረባትም ማለት ነው እንጂ ስለ ቅዳሜው መርፌ አይናገርም። ከ6 ሳምንትና ከ3 ወር በኋላ ይደገማል። በመሃል ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የንፍፊት እብጠት ከታየ ቀኑን ሳትጠብቅ ትምጣ። መርፌውን ራሱን ለማስመርመር አትልፉ፣ አይሠራም። የሄፓታይተስ ቢ (የጉበት ቫይረስ) ምርመራም ትጠይቅ፤ በመርፌ ከኤችአይቪ ይልቅ በቀላሉ የሚተላለፈው እሱ ነው። ካለባት ቴኖፎቪሩን በ28ኛው ቀን ስታቆም ጉበቷ ሊቆጣ ስለሚችል ክትትል ያስፈልጋታል። ከሌለባት ክትባቱን ትጀምር፦ ዛሬ፣ በወሩ፣ በስድስተኛው ወር።

ብዙ እንዳትደነግጥ ደግሞ፦ መርፌው በርግጥ ቫይረሱ ካለበት ሰው ቢሆን እንኳ ከ1,000 ተወጊ የሚይዛቸው 3 ያህል ናቸው።

መልስ፦ አቦ ድሬ
ሥራዋ ሁሌ ይሄ ከሆነ ቀድማ በየቀኑ የምትውጠው የለም እንዴ?

መልስ፦ የጀጎል ፋርማሲስት
ያ ፕሬፕ ነው፣ በየቀኑ የሚዋጥ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን፣ በየ3 ወሩ ከኤችአይቪ ምርመራ ጋር። የተዘጋጀው በግንኙነት ተደጋግሞ ለሚጋለጥ ሰው ነው፤ ለምሳሌ ባለቤቱ ቫይረሱ ያለበትና ገና በመድኃኒት ያልተቆጣጠረው። ለመርፌ ግን የክሊኒኩን አሠራር ማስተካከል ይቀድማል። መርፌ ከረጢት ውስጥ የሚገባበት ምክንያት የለም፤ ክዳን ሳይመለስበት ቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ (የመርፌ መጣያ ሳጥን) ውስጥ፣ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል። እሷም ከረጢት በእጇ አትጫን፣ አንገቱን ይዛ ከሰውነቷ አርቃ ትሸከም። ስስ የላቴክስ ጓንት መርፌ አያቆምም፤ ወፍራም የጽዳት ጓንትና ቡትስ ትጠይቃቸው።

መልስ፦ የከዚራው
የመጀመሪያውን ፍሬ እዚያው ውጣለች። የአደጋ መዝገብ ላይ ክሊኒኩ እንዲጽፍላት ልጠይቅ?

መልስ፦ ነርስ ከሳቢያን
ዛሬውኑ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ። የዛሬው ምርመራ ነጌቲቭ ከሆነ የውጤቱን ኮፒ አብራ ታያይዝ፤ ኋላ ካሳ ቢጠየቅ ከአደጋው በፊት እንዳልነበረባት የሚያሳይላት ወረቀት እሱ ነው።