«ሦስት አሳድጌ አንድም ቀን አልቀረሁም»

የሃያቷ፦ ዛሬ ስብሰባ ላይ አለቃችን «ከወሊድ የተመለሱት ሽንት ቤት ያበዛሉ» አለ። ሳቁለት። ሽንት ቤት የምንገባው ጡታችን አግቶ ሸሚዛችን ሲረጥብ ለማለብ ነው! የማለቢያ ክፍል ስጡን ስንል ደግሞ ቦታ የለም ይሉናል።

እትዬ አስካለ፦ ወይ የዛሬ ልጆች! በእኛ ጊዜ የ90 ቀን የወሊድ ፈቃድ የት ነበር? እኔ ሦስት አሳድጌ አንድም ቀን ከሥራ አልቀረሁም።

ቤቲ፦ እትዬ፣ አይቆጡኝና ማን አሳደገልዎት?

እትዬ አስካለ፦ እናቴ ነበረች፤ ሠራተኛም ነበረችኝ። ታዲያስ?

ቤቲ፦ ታዲያማ የቀሩት እሳቸው ናቸዋ፣ ከቤት ሳይወጡ 😂

ባለ ማተሚያ ቤቱ፦ ሒሳብ እናውራ። ያሉኝ ሠራተኞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ ከኪሴ፤ ምትክ ቀጣሪም እኔ። አሁን ደግሞ ክፍል? ኪራዩን ማን ሊከፍል?

የሃያቷ፦ ቪላ አላልንም ወንድሜ። የሚቆለፍ በር፣ ወንበር፣ ሶኬት። ጤና ጣቢያ እስከ 6 ወር ውሃ እንኳ እንዳትሰጪ ይለኛል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 በ90 ቀን ወደ ቢሮ ይመልሰኛል። በመሃል ያለውን አንተ ታጠባልኛለህ?

ባለ ማተሚያ ቤቱ፦ የጣሳ ወተት ምን ሊሠራ ነው?

ቤቲ፦ ዋጋውን ጠይቀህ ተመለስ።

ዮኒ፦ መንግሥት ቤት ግቡ። በ2010 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ ይኑራቸው ብሎ ነበር።

ሲቪል ሰርቫንቷ፦ የእኛ ማቆያ አለ። ሲመረቅ ፎቶ ተነሣንበት፣ አሁን ፋይል ተከምሮበታል።

ወይንሸት፦ ሁላችሁም ስለ ቢሮ ታወራላችሁ። የእትዬ ሠራተኛ ስትወልድስ? አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አያውቃትም። እኔ የሰው ልጅ አዝዬ የራሴን ጎጃም አያቱ ጋ ጥዬ ነው የኖርኩት።

እትዬ አስካለ፦ የእኔን ሠራተኛ አታንሱብኝ! እንደ ልጄ ይዤ፣ ድግስ ደግሼ ነው የዳርኳት።

ወይንሸት፦ ስለ ሠርጉ ማን ጠየቀ? ስትወልድ ምን አደረጓት ነው ያልኩት።

ዮኒ፦ አባትስ? ፈቃዱ 3 ቀን ብቻ!

ቤቲ፦ ሦስቱንም ቀን ገንፎ ስትበላ ከርመህ ነው የምትመለሰው።

ዮኒ፦ ስድብ አያስፈልግም።

ባለ ማተሚያ ቤቱ፦ እንዲህ ከሆነ ከእንግዲህ ወንድ ብቻ እቀጥራለሁ፣ ግልግል።

የሃያቷ፦ ሳታጠፋው ስክሪን ሾት አድርጌዋለሁ።