ጁላይ ላይ ዲዝኒ ወርልድ ልንሄድ ነው፤ ከውጭ በሚመጡት ትልልቅ ቡድኖች መሃል እንዴት እንዝናና?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ጁላይ ላይ ኦርላንዶ፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ልንሄድ ነው። ቲኬቱ ተገዝቷል፣ ሆቴሉም ተይዟል። ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ ያገኘው በዚያ ሳምንት ብቻ ስለሆነ ቀኑን መቀየር አይሆንልንም። የምንሄደው እኔና ባለቤቴ፣ የ8 ዓመት ወንድ ልጄ፣ የ4 ዓመት ሴት ልጄ፣ እንዲሁም እናቴ ነን።

አንዲት ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር ሄዳ ነበር። የነገረችኝ ነገር አሳስቦኛል። ከብራዚልና ከአርጀንቲና የመጡ ወጣቶች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው፣ ባንዲራ የያዘ አስጎብኚ እየተከተሉ፣ አርባም ሃምሳም ሆነው ይዞራሉ አለችኝ። ወረፋ ላይ ይዘፍናሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ይጮኻሉ። አንዱ ቦታ ይይዝና ሌላው ሁሉ ከኋላ እየመጣ ይቀላቀላል።

ወንድ ልጄ ጩኸት አይችልም። ድንገት ሲጮኽበት ጆሮውን ይዞ ያለቅሳል። እናቴ ደግሞ ብዙ መቆም አትችልም። ልጆቹን አልጠላኋቸውም፤ እነሱም ሊዝናኑ ነው የመጡት። ግን ገንዘባችንም ጊዜያችንም ሜዳ ላይ እንዳይቀር ምን ላድርግ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ኦርላንዶ ነዋሪ

እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት። እኛ እዚህ የምንኖረው ወሩን በቲሸርቱ ነው የምናውቀው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አርጀንቲና ሙሉ በሙሉ፣ ብራዚል ደግሞ በአብዛኛው ከምድር ወገብ በታች ናቸው። እዚህ አሜሪካ በጋ ሲሆን እነሱ ብርዱ ክረምት ላይ ናቸው፤ የትምህርት ቤት የክረምት ዕረፍታቸው ጁላይ ላይ ይወድቃል። ረጅሙ ዕረፍታቸው ደግሞ ከዲሴምበር አጋማሽ ጀምሮ ጃንዋሪን ይዞ ይሄዳል። ቡድኖቹ የሚበዙት በእነዚህ ሁለት ጊዜያት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በእነሱ አገር 15ኛ ዓመት ልደት ለሴት ልጅ ትልቅ ቀን ነው። ብዙ ቤተሰብ በድግሱ ፈንታ ልጁን ወደዚህ ይልካታል። ስለዚህ ስትዘፍን የምታያት ልጅ ምናልባት ለዓመታት ስትጠብቀው በነበረው ጉዞ ላይ ናት። ይህን ማወቅ ብቻውን እኔን ብዙ ረድቶኛል።

ለሚቀጥለው ጊዜ ግን፣ ቀን መምረጥ የምትችሉ ሰዎች ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ያለውን እዩ። የእነሱም የአሜሪካም ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ተከፍተዋል፤ ፓርኩ ይተነፍሳል። ሙቀቱ ግን ያው ነው፤ የአውሎ ነፋስ ወቅትም ነው።

መልስ፦ ኢንጂነሩ

አንድ ነገር ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚናደደው በተሳሳተው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ትልቅ መጫወቻ በሰዓት ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ያስተናግዳል። 1,200 ነው ብለን እናስብ። በደቂቃ 20 ሰው ማለት ነው። ከፊታችሁ 40 ልጆች ቢገቡ የጨመሩባችሁ 2 ደቂቃ ብቻ ነው! ቡድኑ ሲታይ ተራራ ያህላል እንጂ ወረፋውን ያን ያህል አያረዝመውም። ጁላይ ላይ ወረፋ የሚያስረዝመው መላው አሜሪካ ዕረፍት ላይ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ችግርሽ ሰዓት አይደለም፤ ጆሮ ነው። ይህን ከለየሽ መፍትሔው ይቀላል። ቡድን ወደ ወረፋ ሲገባ ካየሽ እሱን ለመቅደም አትሩጪ። ሮጠሽ ብትቀድሚ ጩኸቱን ከኋላሽ አስከትለሽ ነው የምትገቢው። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተሽ ግቢ፣ ወይም ሌላ መጫወቻ ሂጂ። በመሃል ሌላ ቤተሰብ ይገባል፣ ድምፁም ይርቃል።

መልስ፦ ሃና ነኝ

ኢንጂነሩ ስለ ትልልቆቹ መጫወቻዎች ያልከው ገብቶኛል። ግን ጠባብ ቦታ ላይ 40 ሰው 40 ሰው ነው። መጸዳጃ ቤት፣ የምግብ መስኮት፣ የሆቴል ሊፍት፣ የአውቶቡስ ፌርማታ። እዚያ ቡድን ከቀደመሽ በቃ፣ ቆመሽ ትቀሪያለሽ።

ለምግብ የሚረዳው በዲዝኒ የስልክ አፕ አስቀድሞ ማዘዝ ነው። የምትረከቢበትን ሰዓት ትመርጫለሽ፤ መስኮቱ ጋ አትሰለፊም። ምሳ ደግሞ ቀደም አድርጋችሁ ብሉ። ቡድን ምሳ የሚበላው አንድ ላይ ነው፤ ሲገባም ጠረጴዛውን ሁሉ ይሞላዋል።

መልስ፦ ኢንጂነሩ

ትክክል ነሽ ሃና። ስለ ሊፍቱና ስለ ምግቡ አላሰብኩም ነበር።

መልስ፦ የናቲ እናት

የእኔ ልጅም ለድምፅ በጣም ስሱ ነው፤ ስለዚህ ጭንቀትሽ ይገባኛል የኔ እናት።

አንደኛ፣ ጆሮ ላይ የሚደረገውን የድምፅ መከላከያ ግዢለት። ለሕፃናት የተሠራ አለ። ግን በጉዞው ቀን አታስጀምሪው። ከአሁኑ ቤት ውስጥ እያደረገ ይልመደው። እዚያ ሄዶ አዲስ ነገር ጆሮው ላይ ሲደረግበት አውልቆ ይጥለዋል።

ሁለተኛ፣ በዲዝኒ ወርልድ አራቱም ፓርኮች ውስጥ የሕፃን ዳይፐር የሚቀየርበትና ሕፃን የሚጠባበት ቤት አለ፤ ቤቢ ኬር ሴንተር ይባላል። የመጀመሪያ እርዳታ መስጫም አለ። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ሁለቱም በሜይን ስትሪት ጫፍ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ስትሄጂ በግራ በኩል ናቸው። ልጅሽ ከተረበሸ ሠራተኞቹን ጠይቂያቸው፤ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። የ4 ዓመቷም እዚያው ትረጋጋለች።

ሦስተኛ፣ ልጅሽ እንደ ኦቲዝም ያለ የዕድገት እክል ካለበት ዳስ (DAS) የሚባል አገልግሎት አለ። በተለመደው ወረፋ መጠበቅ ለማይችሉ ነው። ከመሄድሽ በፊት በቪዲዮ ያነጋግሩሻል። ጩኸት ስለማይወድ ብቻ ግን አይሰጡትም፤ ይህን ከወዲሁ ማወቁ ይሻላል።

ርችቱን ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት አትዩ። ቡድኖቹ በሙሉ እዚያ ናቸው፤ ቀድመው መጥተው መሬት ላይ ተቀምጠው ነው የሚጠብቁት። እኛ ከፓርኩ ወጥተን ከሐይቁ ማዶ፣ ከጀልባ ማቆሚያው አካባቢ አየነው። ርችቱ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ፍንዳታው ግን ይርቃል። ልጄ እየሳቀ ያየው እዚያ ነው።

መልስ፦ የቀድሞ አስጎብኚ

እኔ ሌላ ቦታ የወጣቶች ቡድን እየመራሁ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ከዚያኛው ወገን ላውራ።

አንድ ዓይነት ቲሸርት የሚለበሰው ልጅ እንዳይጠፋ ነው። መዝሙሩም እንዲሁ ነው። ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት የቆመ የ15 ዓመት ልጅ ካልዘፈነ ይገፋፋል፣ ይበታተናል። አስጎብኚው በቀን ውስጥ ደጋግሞ ይቆጥራቸዋል። አንድ ልጅ ሲጎድል የሚሰማውን ድንጋጤ እኔ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ የሚረብሽ ነገር ካለ ልጆቹን አትቆጪ። ብዙዎቹ ቋንቋሽን አይሰሙም፤ ጓደኞቻቸው ፊት ስትቆጫቸው ደግሞ ይብስባቸዋል። መሪውን ፈልጊ። አንዱ ባንዲራ ይዞ ፊት ነው፤ ሌላው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ለኋለኛው ንገሪው፤ የፊተኛው ሥራ ይበዛበታል። ልጅሽን አሳይተሽ፣ ፈገግ ብለሽ፣ «ትንሹ ልጄ ድምፅ ያስፈራዋል» በዪው። አብዛኛው አስጎብኚ እንግሊዝኛ ይችላል። እኔ እንዲህ የነገረኝን ሰው እምቢ ያልኩበት ጊዜ የለም። እንዲያውም ልጆቹን አቁሜ ቤተሰቡን አስቀድማለሁ።

መልስ፦ ተስፋ

ስለ አስጎብኚዎቹ ያልከው ጥሩ ነው፤ ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም። እኔ ፊት አራት ልጆች ቆመው ነበር። መግቢያው ጋ ስንደርስ ወደ ሠላሳ ሆኑ። ገመዱን እያለፉ፣ ሕፃን የያዘች ሴት እየገፉ ገቡ። ይህ መዝናናት አይደለም፤ ሌላውን ሰው መናቅ ነው። ልጆች ናቸው ተብሎ መታለፍ ያለበትም አይመስለኝም። አብረዋቸው አዋቂዎች አሉ።

የሚሠራው ነገር ይኸው። አትጣሉ። ከኋላ እየመጣ ለሚገፋ ሁሉ በር አትክፈቱ፤ ጎን ለጎን ቁሙ፣ ጋሪውን መሃል አድርጉት። መጨረሻ ላይ ሰው የሚቆጥረው የፓርኩ ሠራተኛ ጋ ስትደርሱ ረጋ ብላችሁ ንገሩት። የቲሸርቱን ቀለም ጥቀሱለት። እሱ የመከልከል ሥልጣን አለው፤ እናንተ የላችሁም።

ከጥያቄ አቅራቢዋ፦ የሁለት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የናቲ እናት፣ ልጄ ምርመራ ተደርጎለት የተገኘበት ነገር የለም፤ ስለዚህ ዳስን እተወዋለሁ። ጆሮ መከላከያውን ዛሬውኑ አዛለሁ። ለእናቴስ ምን ትሉኛላችሁ? ሌላው ደግሞ ጠዋት በስንት ሰዓት ብንገባ ይሻላል? ሆቴላችን የዲዝኒ የራሱ ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው

ልጄ፣ እኔም ከልጅ ልጆቼ ጋር ሄጃለሁ፤ ጉልበቴ እንደ እናትሽ ነው። ሲገቡ በሩ አጠገብ ተሽከርካሪ ወንበር ይከራያል። ቀድሞ ለመጣ ነውና ማልዳችሁ ድረሱ። እናትሽ እችላለሁ ብትልም ውሰጂላት። ከሰዓት በኋላ ታመሰግንሻለች።

ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ሁለት ቦታ አለላት። አንዱ ፒፕል ሙቨር የሚባል ከፍ ብሎ በዝግታ የሚዞር ባቡር ነገር ነው። ነፋስ አለው፣ ወረፋውም ቶሎ ይሄዳል። ሌላው ካሩሰል ኦፍ ፕሮግረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ለኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት የተሠራ ቲያትር ነው፤ ወደ ፍሎሪዳ የመጣው በ1975 ነው። 20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ያያሉ፣ መድረኩን እየዞረ የሚያሳያቸው ወንበሩ ራሱ ነው። እነዚያ ወጣቶች እንዲህ ያለውን ቦታ ብዙም አይፈልጉትም፤ የሚሮጡት ወደ ሮለር ኮስተሩ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አፑ ላይ እዩ፤ አንዳንዴ ለጥገና ይዘጋሉ።

አኒማል ኪንግደም ስትሄዱ ደግሞ የጎሪላና የነብር የእግር መንገዶች አሉ። ወንበሩ በደንብ ይገፋባቸዋል። የሚጮኽም ሰው አላየሁባቸውም።

መልስ፦ ኦርላንዶ ነዋሪ

ሆቴልሽ የዲዝኒ ከሆነ ትልቁን ነገር በእጅሽ ይዘሻል። በአራቱም ፓርኮች፣ በየቀኑ፣ ከሌላው ሰው 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ትገባላችሁ። ትልቅ ቡድን ደግሞ ጠዋት ቀርፋፋ ነው። ሃምሳ ወጣት ቀስቅሶ፣ ቁርስ አብልቶ፣ ቆጥሮ አውቶቡስ ላይ ማውጣት ቀላል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት የእናንተ ናቸው። የሚፈለጉትን መጫወቻዎች ያኔ ጨርሱ።

ጁላይ ላይ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ ይመጣል። መብረቅ ሲቀርብ ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ፤ ሰው ሁሉ ወደ ቤት ውስጥ ይጎርፋል። ያኔ ነው ጩኸቱ የሚብሰው። እናንተ ከዚያ በፊት ወደ ሆቴል ተመለሱ፣ እናትሽም ልጆቹም ይተኙ፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ተመለሱ።

ላይትኒንግ ሌን የሚባለውን ፈጣን መስመር ለመግዛት ካሰባችሁ የሆቴሉ እንግዶች ከ7 ቀን በፊት መያዝ ይችላሉ፤ ሌላው ሰው ከ3 ቀን በፊት ነው። የሚከፈተው በእዚያው አቆጣጠር ከጠዋቱ 7:00 ነው። ዋጋው በየቀኑ ይለያያል። በየቀኑ አትግዙት። ለማጂክ ኪንግደም ብቻ በቂ ነው፤ ዋናው ጥቅሙም ለልጅሽ ነው፤ በተዘጋ መተላለፊያ ውስጥ ከዘፋኞቹ ጋር ረጅም ጊዜ አይቆምም።

መልስ፦ ሃና ነኝ

ለ4 ዓመቷ ደግሞ ራይደር ስዊችን ጠይቁ። ነፃ ነው። ለምሳሌ ስፔስ ማውንቴን 112 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይፈልጋል፤ እሷ አትደርስም። ባልሽ ከልጁ ጋር ሲገባ አንቺ ከእሷ ጋር ትጠብቂያለሽ። ከዚያ ዋናውን ወረፋ ሳትሰለፊ ትገቢያለሽ፤ ወንዱ ልጅሽም አብሮሽ ሁለተኛ ሊጫወት ይችላል። መግቢያው ላይ ላለው ሠራተኛ መጀመሪያውኑ ንገሩት፤ ከተጫወቱ በኋላ ቢነግሩት አይሆንም።

ከጥያቄ አቅራቢዋ፦ የሁለት ልጆች እናት

ጋሼ፣ ለእናቴ ስላሰቡላት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልእክትዎን አንብቤላት «ወንበሩን እቀበላለሁ» ብላለች፤ እኔ ብነግራት እሺ አትልም ነበር። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ቡድኖቹ ሆቴል ውስጥም አሉ ወይ? ሌሊት ልጆቹ ካልተኙ ጠዋት መነሳት አንችልም።

መልስ፦ ኦርላንዶ ነዋሪ

አሉ፤ በተለይ ዋጋቸው ዝቅ ባሉት ኦል ስታር በሚባሉት ሦስት ሆቴሎች። የያዝሽው ከእነሱ አንዱ ከሆነ በአፑ ቀድመሽ ቼክ ኢን ስታደርጊ ጸጥ ያለ ክፍል ጠይቂ። ከዋናው መዋኛ ገንዳና ከምግብ ቤቱ የራቀ ሕንፃ፣ የላይኛው ፎቅ። እርግጠኛ ቃል አይሰጡሽም፣ ግን ይሞክራሉ። ደርሰሽ መተላለፊያው ላይ ቲሸርት ለባሾቹን ካየሽ ሻንጣ ሳትፈቺ ወደ እንግዳ መቀበያው ተመለሽና ቀይሩልኝ በያቸው። ከተፈታ በኋላ ከባድ ነው።