ያረጀ መኪና ከመንገድ ይውጣ? ደጃፍ ላይ መጠገንስ?

የከዚራው ፔጆ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ሰፈር ቁጭ ብለን የተነሳ ክርክር ነው። ሳይቋጭ ስለተበተንን እዚህ አመጣሁት። አንዱ ጎረቤቴ «ከ30 ዓመት በላይ ለሆነ መኪና ቦሎ መስጠት ቢቀር ነው የሚሻለው» አለ። ሌላው ተቀበለና «እሱስ ይሁን፣ መከልከል ያለበት ባለቤቱ ራሱ ደጃፍ ላይ እየፈታ የሚገጥመው ነው» አለ። ይሄን ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮፈን ከፍቼ የምውለው እኔ ነኛ።

አቋሜን ልናገር። ሰው ላይ አደጋ የሚያመጣው፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ማንም ሳያየው የሚነዳ መኪና ነው። ራሱ የሚፈታ ሰው ደግሞ መኪናውን ያያል።

ያለችኝ ፔጆ 404 ናት፣ ከአባቴ የቀረችልኝ። ድሬና ሐረር ላደገ ሰው ይቺን መኪና ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ ታክሲ ሆና ስንቱን አመላልሳለች። በፈረንጆቹ 1960 የወጣች፣ የሳፋሪን ራሊ 4 ጊዜ ያሸነፈች መኪና ናት፤ በ1963፣ ከዛ ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ። ለድንጋይና ለአቧራ የተፈጠረች ነች ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ደንገጎን፣ ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ዳገት፣ ስወጣ መጋል ጀመረች። ድሬ ውስጥ ምንም አትልም። ዳገቱ ላይ ግን ሙቀቷ ወደ ላይ ይሄዳል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሳይነኳት «ጓርኒሲዮን ነው፣ ቴስታታው ይውረድ» አሉኝ። የሞተሩ ራስ ይከፈትና ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ይቀየር ማለታቸው ነው። የነገሩኝ ዋጋ የሁለት ወር ደሞዜ ነው። ቤት መለስኳት። ዘይቱን አየሁት፣ ውሃ ገብቶበት ወተት አልመሰለም። ቀዝቃዛ እያለች የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ አስነሳኋት፣ አረፋ የለም። በማርሚታው፣ በጭስ መውጫው፣ የሚወጣ ነጭ እንፋሎትም የለም። ታዲያ ጓርኒሲዮኑ በምን ተጠረጠረ?

ቆሜ እስክትሞቅ ጠበቅኳት። የ404 ፋን ዝም ብሎ የሚዞር አይደለም። ውሃው ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ይደርሰውና ማግኔቱ ይይዘዋል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። መርፌው ቀዩ ጋ ሊደርስ ነው፣ ፋኑ ግን እንደሰነፈ ሰው ቀስ እያለ ይንከላወሳል። ሞተሩን አጥፍቼ ኤሌክትሪኩን የሚያደርሰውን ካርቦን ፈታሁት። ተበልቶ የጥፍር ውፍረት ቀርቶታል። የሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) ካርቦን ገዝቼ በብርጭቆ ወረቀት እየሞረድኩ በልኩ አስገባሁት። ከዛ ወዲህ አደሌ ድረስ ሳልቆም ወጥቻለሁ። ይሄ ነው እንግዲህ «ደጃፍ ላይ መጠገን» የሚባለው። ይከልከል የሚል ካለ ምክንያቱን ይንገረኝ።

የሳቢያኗ እህት፦
ወንድሜ፣ የጻፍከውን ወድጄዋለሁ፣ ግን አልስማማም። ፋን ሲበላሽ መኪናው ዳር ይዞ ይቆማል። ፍሬን ሲበላሽስ?

የእህቴ ባል እንዳንተው እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ዲኤክስ የምንላትን የድሮ ኮሮላውን የኋላ ፍሬን ሸራ ራሱ ቀየረ። ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ክሪክና በድንጋይ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሐረር ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ፣ ደንገጎ ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ ወለል ነካ። እህቴ የ3 ወር ሕፃን ታቅፋ ከኋላ ናት። በእጅ ፍሬንና በማርሽ ታግሎ፣ ከገደሉ በተቃራኒ ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር አስጠግቶ እየፈተገ አቆማት። አንድ ወገን በር የለም፣ ሰው ግን ተረፈ። ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። እህቴ እስከ ዛሬ ደንገጎ ስትደርስ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ካንዴላ ቀይሩ፣ ካርቡራቶር እጠቡ፣ ምን ቸገረኝ። ፍሬንና መሪ ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ይንካው። አንተ ስትሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው መንገድ ላይ ያገኘህ ሁሉ ነው።

የሸዋ በር መካኒክ፦
እህቴ፣ እንኳን ተረፉ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፔዳሉ ባንዴ ነው የወደቀው ወይስ እየለሰለሰ ሄዶ? መኪናዋ ከቆመች፣ ከቀዘቀዘች በኋላስ ፔዳሉ ተመለሰ?

የሳቢያኗ እህት፦
እየለሰለሰ ነው የሄደው። ሲረግጠው እንደ ስፖንጅ ሆነብኝ ነበር ያለው። ሊጎትቱት ሲመጡ ደግሞ ፔዳሉ ደህና ነበር፤ ሰውም «የተሳሳትከው አንተ ነህ» ብሎታል።

የሸዋ በር መካኒክ፦
አልተሳሳተም። እውነቱን ነው። እንደነገርሽኝ ከሆነ የፍሬን ዘይቱ ነው የፈላው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል። ክዳኑ ቢገጠምም በጊዜ ብዛት ከአየር ላይ እርጥበት ይገባበታል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ደንገጎን ፍሬን ረግጠሽ ስትወርጂ ሙቀቱ ከሸራው ወደ ዘይቱ ይሄዳል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉ ወለል የሚነካው ለዛ ነው። ሲቀዘቅዝ አረፋው ይጠፋል፣ ፔዳሉም ይመለሳል። ከዚያ ሹፌሩ ውሸታም ይባላል።

ሸራ መቀየሩ ጥፋት አልነበረም። ዘይቱን ሳይቀይር መተዉ ነው ጥፋቱ። አሁን የሚከብደኝን ልናገር፤ በዚህ ሥራ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ፈቃድ ካላቸው ቤቶች ተጠግነው ወደኔ የመጡ መኪኖች ላይ እንደ ቡና የጠቆረ የፍሬን ዘይት አውጥቻለሁ። ሲጎድል ይሞላሉ፣ ማንም አይቀይረውም። ባለቤቱም አይጠይቅም። በ2 ዓመት አንዴ መቀየር ነበረበት።

የፔጆዋን ዲፈረንሻል፣ የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን፣ አስቡት። ውስጡ የነሐስ ጥርስ አለው። ለሱ የታዘዘው ከጉሎ የሚሠራ ዘይት ነበር። ዛሬ ጋራዥ ስትወስዷት ለጭነት መኪና የገዛውን ዘይት የሚሞላላችሁ አለ፣ እሱ ዘይት ውስጥ ያለው ቅመም ነሐሱን ሊበላው ይችላል። መካኒኩ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የሚያሳየው አላገኘም። ስለዚህ ፈቃድ ብቻውን አያድንም። ግን የከዚራው፣ አንተም ብትሆን ፍሬን ስትሠራ የሌላ ሰው ዓይን ያስፈልግሃል። እኔ ራሴ የሠራሁትን ፍሬን ልጄ ሳያይልኝ አላስረክብም።

ከአዲስ አበባ የመጣሁ፦
ይቅርታ፣ ለሥራ ወደ ድሬ ከመጣሁ ገና 1 ዓመቴ ነው። መካኒኩ፣ እርስዎ የሚሉትን አከብራለሁ። ግን ጥያቄው ጭሱንም ይመለከታል። ልጄ አስም አለባት። ጠዋት ትምህርት ቤት ስወስዳት ከፊታችን የሚሄደው አሮጌ መኪና የሚተፋው ጥቁር ነገር ልብ ይሰብራል። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለክል ደስ ብሎኝ ነበር። እዚህ ያሉት ደግሞ ማብቂያቸው መቼ ነው?

ባለ ዲኤክሱ፦
አቦ «እርስዎ»ን ተወው፣ ድሬ ነው ያለኸው! እዚህ አባቴንም «አንተ» ነው የምለው፣ አክብሮቱ ሌላ ቦታ አለ።

ስለ ልጅህ አዝኛለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን ጭስን ለይተህ እየው። ጥቁር ጭስ ማለት ነዳጁ በዝቶ አየሩ አንሷል ማለት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ጥቁሩ ብዙ ጊዜ የተዘጋ የአየር ማጣሪያ ወይም ነዳጅና አየር የሚያደባልቀው ካርቡራቶር አለመስተካከል ነው፣ የግማሽ ቀን ሥራ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ድሬ የተስተካከለ ካርቡራቶር ሐረር ሲወጣ አየሩ ይሳሳበታል፣ ነዳጁ ይበዛበታል፣ ይጨሳል። እኔ ይሄን ያወቅኩት ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቼ ጫፉ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ ሳየው ነው። ካቻቪቴ ይዤ አስተካከልኩት። ኮምፒውተር አያስፈልገውም፣ ቴስተርና ጆሮ ይበቃዋል።

«ይውጡ» ስትሉ ደግሞ በምን ልተካው? ከ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ወዲህ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱም ይከብዳል። ኤሌክትሪኩን አልጠላውም፣ ቢኖረኝ እነዳዋለሁ። ዲኤክሴን ሸጬ ግን የሱን ጎማ የምገዛ አይመስለኝም። አባቴ ለኩላሊት ሕክምና የሚመላለሰው በሷ ነው። መንገዱ ላይ የሚያስፈራኝ ደግሞ ከአወዳይ ጫት ጭኖ እንደ ጥይት የሚወነጨፈው ነው። እሱ አሮጌ አይደለም።

ከአዲስ አበባ የመጣሁ፦
እሺ፣ አንተ ልበልህ። አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ግን አንተ ካንዴላህን አይተህ አስተካከልክ፣ የማያየውስ? ለሱ ነው ሕግ የሚያስፈልገው። ቦሎ ሲታደስ ጭሱ በመሣሪያ ይለካ፣ ፍሬኑ ይፈተን፣ ያላለፈ ይመለስ። የተመረተበትን ዓመት ትቻለሁ።

የከዚራው ፔጆ፦
በዚህ እኔም እስማማለሁ። መኪናዬን ፈትኑልኝ፣ ከወደቀች አቆማታለሁ። ዓመቷን አይታችሁ ብቻ አትፍረዱባት። የዚች መኪና ካሚቻው፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ፣ እንኳን ከብሎኩ ተነቅሎ በአዲስ የሚተካ ነው፣ ሲሠሯት እንድትታደስ አድርገው ነው የሠሯት።

የሳቢያኗ እህት፦
አንድ ነገር ማንም አላነሳም። የምታወጡት ዘይት የት ነው የሚሄደው? የኛ ሰፈር ልጆች ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሲደፉት በዓይኔ አይቻለሁ። የምንጠጣው ውሃ ከጉድጓድ ነው፣ የሳቢያን ጉድጓዶች እዚሁ ከጎናችን ናቸው። አሸዋው ደግሞ ምንም አይዝም፣ ያሰርጋል።

ሌላው አቧራው ነው። የድሮ ፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ አለ። የእህቴ ባል በአፉ እፍ እያለ ነበር ሸራው የሚፋተግበትን ታምቡር የሚያጸዳው፣ ልጆቹ አጠገቡ ቁጭ ብለው። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከስንት ዓመት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው። «ራሴ እጠግናለሁ» የምትሉ ይሄንን ታውቃላችሁ?

የከዚራው ፔጆ፦
ዘይቱን አውቃለሁ፣ በጀሪካን አጠራቅሜ የሚወስድ ሰው ሲመጣ ነው የምሰጠው። አቧራውን ግን ልክ ነሽ። እኔም እፍ ስል ኖሬያለሁ። አባቴም እንዲሁ ነበር፣ ከሱ ያየሁት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በውሃ አርሼ በጨርቅ ነው የምጠርገው።

የሸዋ በር መካኒክ፦
ጨርቁንም እርጥብ እንዳለ በፌስታል ቋጥረህ ጣለው፣ አታራግፈው። ልጆቹን አርቅ።

የከዚራው ፔጆ፦
እሺ አባቴ። ሌላ ያሳመናችሁኝ ነገር አለ፤ ፍሬን ለብቻዬ አልዘጋም። የዚህ ቅዳሜ ሥራዬ የፍሬን ዘይቱን በሙሉ ማውጣት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ከሩቁ ጎማ ጀምሬ፣ ቱቦውን ጠርሙስ ውስጥ ነክሬ፣ አረፋው እስኪጠፋ። አንድ ሰው ፔዳል የሚረግጥልኝ ያስፈልገኛል። መካኒኩ ከሐረር ከወረድክ ምሳ በኔ ነው፣ እየኝና ፍረድ። እህቴ፣ የእህትሽን ባል ይዘሽው ነይ። ዲኤክሷን ይዞ ይምጣ፣ የሷንም እዛው እንቀይረዋለን።

የሳቢያኗ እህት፦
ስለ ፈቃዱ ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ ይታወቅልኝ። እሱን ግን እነግረዋለሁ፣ ፔዳሉንም እሱ ይረግጥልሃል። አሁን ደውዬ ዘይቱን ቀይረህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። ዝም አለ። የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ከፍተህ ቀለሙን ንገረኝ አልኩት። ሄዶ አየና «ጠቁሯል» አለኝ። እስከ ቅዳሜ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።