የፈረንሳይ የወይንና የምግብ ቱር፣ በ7 ቀን 5 ክልል አይበዛም?

የፍራንክፈርቷ፦
ሰላም ወገን እንዴት ከረማችሁ፣ ፈረንሳይ የምትኖሩ ወይ እንዲህ አይነት ጉዞ የምታውቁ ካላችሁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው፣ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ከተጋባን 20 ዓመት ይሞላናል፣ እህቴና ባሏም ከአዲስ አበባ መጥተው አብረን እንድናከብር አስበናል፣ አራት እንሆናለን ማለት ነው። ወይን እንወዳለን ግን እውቀቱ የለንም። አንድ ቱር አግኝተን ልባችን አርፎበታል፣ ግሩፑ ቢበዛ 8 ሰው ነው ይላሉ፣ በ7 ቀን ሻምፓኝ፣ ቡርጎኝ፣ ሊዮን፣ ፕሮቫንስ አድርጎ ቦርዶ ላይ ያልቃል፣ በየቀኑ የወይን ቅምሻ አለው፣ ሁለት ማታ ደግሞ ሚሽላን የሚባለው የምግብ ቤቶች መመሪያ ኮከብ የሰጠው ሬስቶራንት እራት ይጨምራል፣ በሰው 4,200 ዩሮ። ገንዘቡን ለዚሁ ብለን አጠራቅመናል፣ ጥያቄዬ የምር የምንደሰትበት ነው ወይስ መንገድ ላይ ነው የምናልቀው የሚለው ነው። ሌላው እህቴ የአሳማ ስጋ በጭራሽ አትነካም፣ ሮብና አርብም ትጾማለች፣ እዛ ሄዳ ምን ትበላለች የሚለው አሳስቦኛል። ስለ ቪዛውም የምታውቁ ጨምሩልኝ፣ ተባረኩ።

ሊዮን ነኝ፦
እንኳን ለ20ኛ ዓመታችሁ አደረሳችሁ እህቴ። እኔ ሊዮን ሆቴል ውስጥ ነው የምሰራው፣ እንደዚህ አይነት ግሩፖች ማታ ሲገቡ ጠዋት ሲወጡ ስለማያቸው ያየሁትን ልንገርሽ። 5 ክልል በ7 ቀን በጣም ይበዛል። ካርታውን አውጥተሽ እዪው፣ ሻምፓኝ ካለችው ራንስ ቡርጎኝ እስካለችው ቦን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከቦን ሊዮን 150፣ ከሊዮን አቪኞን 230 አካባቢ፣ ከዛ ከአቪኞን ቦርዶ ለመድረስ 580 ኪሎ ሜትር ያህል አገሩን አቋርጣችሁ ነው የምትሄዱት፣ ያ ቀን በቃ አለቀ ማለት ነው። ጠዋት ወይን ቀምሶ ከሰዓት ሶስት አራት ሰዓት መኪና ውስጥ መቀመጥ ደግሞ ሰውነት ያዝላል፣ ማታ ያ ሁሉ ብር የተከፈለበት እራት ሲቀርብ ሰዉ መተኛት ነው የሚያምረው።

የኔ ሀሳብ አንድ ክልል ምረጡና እዛው ተቀመጡ፣ እኔን ካልሽኝ ደግሞ ቡርጎኝ። ለምን መሰለሽ፣ አነስተኛ ግሩፕ መሆን ጥቅሙ በደንብ የሚታየው እዛ ነው። ክሎ ደ ቩዦ የሚባል በግንብ የታጠረ የወይን ማሳ አለ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሲቶ ገዳም መነኮሳት ማልማት የጀመሩት ነው፣ ስፋቱ 50 ሄክታር አካባቢ ሲሆን ዛሬ ባለቤቶቹ 80 ገደማ ናቸው። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ የቤተክርስቲያን መሬት ተወርሶ ተሸጠ፣ ከዛ ደግሞ የናፖሊዮን የውርስ ህግ ለልጆች እኩል አካፍሉ ስለሚል በየትውልዱ ሲሸነሸን ኖሮ አንዳንዱ ሰው ያለው ጥቂት ረድፍ ብቻ ነው። የክልሉ ብዙ ቦታ እንደዛ ነው። እንዲህ አይነቱ ገበሬ አስጎብኚ ቀጥሮ አያስቀምጥም፣ ራሱ ነው ምድር ቤቱን ከፍቶ አንዳንዴም ከበርሜሉ እየቀዳ የሚያስቀምስሽ፣ 40 ሰው ይዞ ለመጣ አውቶቡስ ቦታም የለው፣ ስድስት ስምንት ሰው ግን ቀድሞ ቀጠሮ ከተያዘ ደስ ብሎት ያስተናግዳል። ስለዚህ ቱሩን ስንት ሰው ነን ብለሽ ብቻ አትጠይቂ፣ የምንቀምሰው ማን ቤት ነው፣ አምራቹ ጋ ነው ወይስ ከተማ ያለ የወይን ሱቅ ውስጥ ነው ብለሽ ስም በስም እንዲጽፉልሽ አድርጊ። ስሙን ካልሰጡሽ ተያቸው።

እውቀት የለንም ያልሽው አያስጨንቅሽ። ቡርጎኝ ላይ ሁለት ዝርያ ካወቃችሁ አብዛኛውን ይዛችኋል፣ ቀዩ ፒኖ ኗር ነጩ ሻርዶኔ፣ የቀረው ልዩነት ከመሬቱ ነው የሚመጣው፣ ይርጋጨፌና ጉጂ ጎን ለጎን ሆነው ቡናቸው ለየብቻ እንደሚጣፍጠው ማለት ነው፣ ለዚህ ነው ይሄ ነገር ለኛ ለሀበሾች ቶሎ የሚገባን። ክሊማ የሚሉት እያንዳንዱ ማሳ የራሱ ስም አለው፣ ዩኔስኮ በ2015 መዝግቦላቸዋል። ደረጃው ከታች የክልል ወይን፣ ከዛ የመንደር፣ ከዛ ፕረሚየ ክሩ፣ ላይኛው ግራን ክሩ ነው፣ ቅምሻ ላይም ብዙ ጊዜ ከታች ወደ ላይ ነው የሚቀዳላችሁ፣ ሶስተኛው ላይ ስትደርሱ ልዩነቱን ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ። መትፋትም ነውር አይደለም፣ መትፊያ ዕቃ ይቀመጥላችኋል፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይተፋሉ፣ ጠዋት ስድስት ሰባት አይነት እየዋጣችሁ ምሳ ከገባችሁ የምሳው ጣዕም ይጠፋባችኋል።

ቦን ውስጥ ደግሞ ኦቴል ዲዩ የሚባለውን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ቻንስለር ኒኮላ ሮላን በ1443 ለድሆች ያቋቋመው ሆስፒታል ነው፣ ጣሪያው በቀለም ያጌጠ ሸክላ ነው፣ ውስጡ ሮጊር ፋን ደር ቫይደን የሳለው የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል አለ፣ መሀል ላይ ቅዱስ ሚካኤል ነፍሳትን በሚዛን ሲመዝን፣ እህትሽ ፊቱ ቆማ አትጠግበውም። ሰዎች በስጦታ የሰጡት የወይን መሬት ስላለው ከ1859 ጀምሮ ወይኑን በጨረታ ይሸጣሉ፣ አሁን ኖቬምበር ሶስተኛው እሁድ ላይ ነው የሚደረገው፣ ገቢው ለሆስፒታሉ ይውላል።

መርሎ፦
አንድ ክልል ምረጡ የሚለውን እስማማለሁ፣ ቡርጎኝ ይሁን የሚለውን ግን አልስማማም። ቡርጎኝ ምርቱ ትንሽ ስለሆነ ውድ ነው፣ ጥሩ የተባለውን ጠርሙስ ለመግዛት ብዙ ነው የምታወጡት። ቦርዶ ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር በቲጂቪ ሁለት ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ ከተማው ራሱ ውብ ነው፣ በ2016 የተከፈተው ሲቴ ዱ ቫን የሚባለው የወይን ሙዚየም ለጀማሪ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ቦርዶ አጠገብ ሳንተሚሊዮን የምትባል ቦታ ደግሞ ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ የተሰራ ቤተክርስቲያን አለ፣ ከመሬት ስር ነው፣ በአስጎብኚ ብቻ ነው የሚገባው፣ ላሊበላን ያየ ሰው እዛ ሲገባ የሚሰማውን እናንተው ታዩታላችሁ። የአካባቢው ዋና ወይን መርሎ ነው፣ ለስለስ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ አይከብድም። የእህትሽ ባል አዲስ አበባ ላይ ሪፍት ቫሊ ቀምሶ ከሆነ ለቦርዶ ዝርያዎች እንግዳ አይደለም፣ ዝዋይ ላይ ያን ወይን የሚያመርተው ካስቴል መነሻው ቦርዶ ነው፣ እዛ ከተከላቸው ውስጥ መርሎና ካበርኔ ሶቪኞን አሉበት። ሻምፓኝም ከልባችሁ ካልወጣ ቱር አያስፈልገውም፣ ፓሪስ ካለው «ጋር ደ ሌስት» ባቡር ጣቢያ ራንስ በፈጣኑ ባቡር 45 ደቂቃ ነው፣ ጠዋት ሄዳችሁ ኖራ ድንጋይ ውስጥ የተቆፈሩትን ምድር ቤቶች አይታችሁ ማታ ትመለሳላችሁ፣ ውስጡ በጋም ቢሆን ብርድ ስለሆነ ሹራብ ያዙ።

ስትራስቡርግ ያለሁት፦
እኔ ስለ ምግቡ ልናገር ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው። የፈረንሳይ ምግብ ውስጥ የአሳማ ስጋ ስሙ ሳይጠራ ይገባል። ላርዶን የሚሉት ትንንሽ ቁርጥራጭ አለ፣ ሰላጣ ላይ ይበተናል፣ የቡርጎኝ ስሙ የታወቀው በቀይ ወይን የሚበስለው የበሬ ስጋ ውስጥ ይገባል፣ ኮኮቫን የሚሉት ዶሮም ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ የበሬ ነው የዶሮ ነው ብላችሁ አትመኑ። ሊዮን ቡሾን የሚባሉት ባህላዊ ምግብ ቤቶች ውስጥ አንዱዬት ካያችሁ ብዙ ጊዜ የአሳማ አንጀት ነው። እዚህ አልሳስማ ሹክሩት የሚሉት የኮመጠጠ ጎመንም፣ ታርት ፍላምቤ የሚሉት ስስ ቂጣም ውስጥ አለ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ቡኪንግ ስታደርጉ በጽሁፍ አሳውቁ፣ አንድ ቀን ቀድማችሁም ሬስቶራንቱ ጋ ደውሉ፣ ኮከብ ያላቸው ቤቶች ምግቡን ቀድመው ስለሚያቅዱ በደስታ ነው የሚቀይሩላችሁ፣ እዛው ደርሳችሁ ስትናገሩ ነው የሚከብዳቸው። ለጾሙ ቀን ደግሞ ቪጋን ብላችሁ ንገሯቸው፣ ቬጀታሪያን ካላችሁ ቅቤና ቺዝ ይመጣላችኋል። ሮብና አርብን ከትልልቁ እራት ቀን አርቁት፣ እሷም አትሳቀቅም እናንተም አትሳቀቁም። ለፍስኩ ቀን የብሬስ ዶሮ እንዳያመልጣት፣ እግሩ ሰማያዊ ላባው ነጭ የሆነ ከ1957 ጀምሮ በስሙ የተጠበቀ ዶሮ ነው፣ በክሬም ነው የሚሰሩት፣ የዶሮን ጣዕም ለምናውቅ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ኮከብ ያለው ቤት ማታ ከምትሄዱ ምሳ ሂዱ፣ ብዙዎቹ የምሳ ሜኑአቸው ዋጋው በጣም ይቀንሳል፣ ኩሽናው ያው ነው። እሁድ ማታና ሰኞ ብዙ ቤት ዝግ መሆኑንም አስቡበት።

የፍራንክፈርቷ፦
ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ሁሉ ማን ይነግረኝ ነበር። ባለቤቴም አነበበው፣ የቩዦው ማሳ ታሪክ ስለገባው ወደ ቡርጎኝ አዘንብሏል። ታዲያ ቡርጎኝ ብንቀመጥ የራሳችንን መኪና ይዘን ብንሄድስ፣ ቱር የግድ ነው?

ሊዮን ነኝ፦
በራሳችሁ መንዳት ቅምሻ ካለ አይመከርም፣ ፈረንሳይ ላይ ገደቡ በሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፣ ሹፌር የሆነው ሰው ሳይቀምስ ሊውል ነው፣ በ20ኛ ዓመቱ ማን ይሁን? ይልቅ አራት መሆናችሁን ተጠቀሙበት። እነዚህ አነስተኛ ቱሮች 8 ሰው የሚሉት በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳ መኪና ከሹፌሩ ጋር 9 ሰው ስለሚይዝ ነው፣ እናንተ ግማሹን ሞልታችሁታል። ስለዚህ የግል ሹፌር አስጎብኚ ለሁለት ወይ ለሶስት ቀን ብትይዙ ዋጋው በመኪና እንጂ በሰው ስለማይሆን ለአራት ሲካፈል ከቱሩ ብዙ አይርቅም፣ እንዲያውም ሊረክስ ይችላል፣ እህትሽ ስትጾምም ግሩፕ አይጠብቃችሁም። የቀረውን ቀን ቦን ውስጥ በእግር፣ ቅዳሜ ጠዋት ገበያው አለ፣ ኮንቴ ቺዝና ዳቦ ገዝታችሁ ወይኖቹ መሀል ባለው መንገድ መሄድ ነው። ከፍራንክፈርት በስትራስቡርግ በኩል ዲዦን በባቡር ትደርሳላችሁ፣ ከዲዦን ቦን 20 ደቂቃ ገደማ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ሴፕቴምበር የለቀማ ወቅት ነው፣ ሙቀቱ በበረታበት ዓመት ኦገስት መጨረሻም ይጀምራሉ፣ በለቀማ ሰሞን ትንንሾቹ አምራቾች እንግዳ መቀበል ያቆማሉ፣ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ኢሜይል ጻፉላቸው። የወሩ መጨረሻ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፣ ቅጠሉም ቢጫ መሆን ይጀምራል።

ሸገር፦
ለእህትሽ ቪዛ፣ ቱሩ ፈረንሳይ ነው ብላችሁ ዝም ብላችሁ ፈረንሳይ እንዳታመለክቱ። ሸንገን ላይ የሚታየው ብዙ ቀን የምትቆይበት አገር ነው፣ ፍራንክፈርት አንቺ ጋ ሁለት ሳምንት ቆይታ ፈረንሳይ አንድ ሳምንት ከሆነ ማመልከቻው ጀርመን ኤምባሲ ነው። አንቺም ከአውስሌንደርቤሆርደ፣ ማለት ከጀርመን የውጭ ዜጎች ቢሮ፣ የወጪ ዋስትናውን ወረቀት ብታወጪላቸው ጥሩ ነው። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት፣ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማመልከት ይቻላል፣ ቀጠሮ ቶሎ ስለማይገኝ አሁኑኑ ጀምሩ። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ የማይመለስ ቀብድ ለማንም እንዳትከፍሉ።

የፍራንክፈርቷ፦
ይሄን የጀርመን ኤምባሲውን ነገር ባትነግረኝ ኖሮ በፈረንሳይ ነበር የምናመለክተው፣ ዕድሜ ይስጥህ። በቃ ቡርጎኝ 5 ቀን፣ ሹፌር ለሁለት ቀን፣ ከዛ ሊዮን አንድ ቀን ብለናል። ጠርሙስ ገዝተን ብንመለስ ጉምሩክ ያስቸግራል?

ሊዮን ነኝ፦
ወደ ጀርመን አያስቸግርም፣ ለራስ እስከ 90 ሊትር ወይን ድረስ ማንም አይጠይቃችሁም። ለእህትሽ አዲስ አበባ የሚሄደው ግን እጅ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ልብስ መሀል ጠቅልላችሁ አስገቡት፣ ለአገር ቤቱ የጉምሩክ ገደብ ደግሞ አየር መንገዱን ቀድማ ትጠይቅ። ሊዮን ስትመጡ እዚሁ ጻፉልኝ፣ አሌ ፖል ቦኩዝ ገበያውን እኔ ራሴ አሳያችኋለሁ።